ሦስት ትውልድ ይዞ ጅማን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤተሰባቸውን ጠቅልለው ወደ ጅማ የሚመጡ ዘመዶቼና ጓደኞቼ በየዓመቱ በስልክ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ጅማን ለማየት ስንት ቀን ይበቃል?

ሁለት ሙሉ ቀን። የመምጫውንና የመመለሻውን ሳይጨምር ማለቴ ነው። ወጣት ብቻ ቢሆን በአንድ ቀን ተኩል ጨርሶ ይሄዳል። አያት፣ ነፍሰ ጡርና የሦስት ዓመት ልጅ ያለበት ቡድን ግን ሌላ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ቁርስ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንዱ መድኃኒቱን ረስቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ አንዷ ነጠላ ትቀይራለች፣ ሕፃኑ ደግሞ ልክ መኪና ሲገባ ሽንቱ ይመጣል።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት አንድ ቦታ። ምሳ ከተበላ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ማንም የትም አይሄድም። ሦስተኛ ቦታ ልጨምር ያለ ሰው ማታ ኩርፊያ ይዞ ነው የሚገባው። እኔም አንዴ ጨምሬ አይቼዋለሁ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር። ዝናቡ አባርቷል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ቀኑ ሞቅ፣ ማታው ቀዝቀዝ ይላል። የቡና ለቀማም ሰሞን ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካላችሁ ቀይ ቡና በየደጁ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ሽታው ራሱ ቡና ቡና አይልም፤ የበሰለ ፍራፍሬ ነው የሚለው። ልጆቹ ይገረማሉ።

ችግሩ በዚያ ጊዜ ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው። ስለዚህ ብዙው ሰው ክረምት ላይ ይመጣል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምቷ የዋዛ አይደለም። አያስቀርም ግን። ጠዋት ይዟችሁ የሚዘልቅ ብርሃን አለ፣ ከሰዓት ያወርደዋል። ዋናውን ጉዞ ጠዋት ጨርሱት። ለአዛውንት ከጃንጥላ በላይ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋቸዋል።

በመኪና እንምጣ ወይስ በአውሮፕላን?

በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ ሹፌር ሰባት ሰዓት ይላችኋል። ሽማግሌና ሕፃን ካለ ዘጠኝ ብላችሁ ያዙት። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ማረፊያውም ከከተማው አይርቅም።

ብዙ ቤተሰብ ሲያደርገው አይቼ የወደድኩት መከፈል ነው። ጉልበትና ወገብ የሚያማቸው ከአንድ ወጣት ጋር ይበራሉ፤ ሌላው ሻንጣውን ሁሉ ጭኖ በመኪና ይመጣል። መኪናው ግን በዋዜማው ይነሳ። አለዚያ እማማ ማረፊያው በር ላይ ተቀምጠው «የታላችሁ?» እያሉ ይደውላሉ። ዊልቸር የሚፈልጉ ከሆነ ቲኬቱ ሲቆረጥ ይነገር፤ በዕለቱ መለመን ያስጨንቃል።

መንገድ ላይ የት የት እንቁም?

ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ምሳ። ጊቤ ላይ ምሳ አታስቡ። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው እዚያ ተቀምጦ መብላት አይመችም። ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ወደ አበልቲ የሚያወጣውን ዳገት ጨርሳችሁ አየር ውሰዱ።

ሰኮሩና አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ይታያል። ልጆቹን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ለአምስት ደቂቃ መቆም ለአያቶች እግር ግድ ነው፤ እነሱ ባይጠይቁም። «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚሉት ካበጠ በኋላ ነው።

ምን ዓይነት ማረፊያ እንያዝ?

ስም አልጠራም፤ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስትደውሉ ግን አራት ነገር ጠይቁ፦ ምድር ላይ ክፍል አለ? ሊፍቱ ይሠራል? (አለ ወይ አይደለም፤ ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው።) ሙቅ ውኃው መብራት ሲጠፋም አለ? መኪና ግቢ ውስጥ ያድራል?

አንዴ የአጎቴን ቤተሰብ አራተኛ ፎቅ ላይ አስያዝኩ። ሊፍት አለ ተብዬ ነው። ደርሰን ስናየው ሊፍቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። አጎቴ በየደረጃው አርፈው እየወጡ «ጅረን የምንወጣው ነገ አልነበር እንዴ?» አሉኝ። (ጅረን የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ዳገት ነው።)

ከተማ ውስጥ በምን እንንቀሳቀስ?

ሦስት ሰው ከሆናችሁ ባጃጅ። ለአሥር ሰው ግን አራት ባጃጅ ማሰለፍ ሠርግ ያስመስላል፤ አንዱም ይጠፋል። ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ዋጋውን በሰዓት ሳይሆን በግማሽ ቀን ተነጋገሩ፤ በሰዓት ከሆነ እማማ ፎቶ ሲነሱም ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። መቆያ ይጨምራል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቅ የተነሳ ሰው መመለሻው ላይ ነው የሚከራከረው።

የባጃጅ ጉዳይ ለልጆች ግን ሌላ ነው። አንዴ ለመዝናናት ብቻ ከጅማ መርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንሸራሽሯቸው። ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እሱን የሚያወሩ ልጆች አውቃለሁ።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለአረጋውያን ይሆናል?

ይሆናል፣ በመኪና ከወጣችሁ። ጅረን ከመሃል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጨረሻው ዳገት ነው። መኪና እስከ ግቢው ይደርሳል። በእግር እንውጣ የሚሉ ጎረምሶች ካሉ ይውጡ፣ አያቶችን ግን አያነካኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መድረስ ጥሩ ነው። ጭጋጉ ተገፎ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ትታያለች፤ ፀሐዩም ገና አልከረረም።

ዋናው ቤት ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ነው። ዙሪያውን በረንዳ አለው። ጣውላው ሲረገጥ ድምፅ ይሰጣል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጊዜ የበረንዳውን ምሰሶ በመዳፏ እየዳበሰች፣ «የንጉሥ ቤት ስትሉኝ ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ይሄ እኮ የእኛው ቤት ነው፣ ትንሽ ተለቅ ያለ» አለች። የእድሳት ሥራ ተሠርቶለታል፤ ግን የእንጨት ደረጃ ያው የእንጨት ደረጃ ነው። ፎቁ መውጣት ከተፈቀደ፣ ጉልበት የሚያማቸው አይውጡ። መውጣቱ አይደለም ችግሩ፣ መውረዱ ነው። ምድር ቤቱና ግቢው ይበቃቸዋል። ተጣጥፎ የሚከፈት ወንበር ከመኪናው ይዛችሁ ውጡ፤ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው፤ አስጎብኚው እሳቸው ጋ መጥቶ ያውራላቸው። አስጎብኚዎቹ ለሽማግሌ ክብር አላቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርጉት።

ግቢው ውስጥና አካባቢው መስጊድም አለ። እዚያ አካባቢ አለባበሳችሁን ጠበቅ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። አርብ ቀትር ላይ አትሂዱ።

ልጆቹ ስለ አባ ጅፋር ምን ብንነግራቸው አይሰለቹም?

ከዓመተ ምሕረት አትጀምሩ። ከፈረስ ጀምሩ። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እንደተባሉት ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ የፈረስ ስም ያውጣ። የእህቴ ልጅ «አባ ባጃጅ» ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ ስም አልጠራም አለን።

ለትልልቆቹ ደግሞ ይህ ይበቃል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። እሳቸው በብልሃት አገራቸውን አተረፉ። እዚህ ላይ አያቶች ጣልቃ ይገባሉ፤ የሰሙትን ይጨምራሉ። ቁመታቸው ይህን ያህል ነበር፣ በር ላይ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት ይላሉ። አታርሟቸው። ልጆቹ የሚያስታውሱት ያንን ነው።

ቤተ መንግሥቱን ካየን ሙዚየሙ ለምን ያስፈልጋል?

ቤቱ ጅረን ነው፣ የቤቱ ዕቃ ግን ብዙው ከተማ ውስጥ ያለው የጅማ ሙዚየም ነው። የንጉሡ ቤተሰብ መገልገያ፣ ወንበሩ፣ ልብሱ፣ የጦር መሣሪያው እዚያ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ በማግስቱ ጅረንን ነው የምመክረው። ዕቃውን ያየ ልጅ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲገባ ወንበሩ የት እንደነበር ይጠይቃል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ባዶ ክፍል ባዶ ክፍል ነው።

አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መግቢያ ሰዓቱን በዋዜማው አጣሩ፤ የምሳ ሰዓት ላይ ደርሶ በር ላይ መቆም የተለመደ ነው።

ጎረምሶቹ ሰለቸን ቢሉስ?

ይላሉ። ከሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ ውሰዷቸው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረበት ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ አድርጓት ነበር። የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም ቆመዋል። የአወይቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ዳር ዳሩ በቅርብ ዓመታት እየተዋበ ነው። ፎቶ የሚያነሳ ልጅ እዚያ ሁለት ሰዓት አይበዛበትም። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አያቶችም በምርኩዝ ይሄዱታል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ጅማ ዩኒቨርሲቲን በውጭም ቢሆን ይየው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በየቤተሰቡ ውስጥ «እኔ እዚህ ነው የተማርኩት» የሚል አንድ አጎት አይጠፋም። ዶርሙን ካላሳየሁ ይላል። ፍቀዱለት፤ ግን ሰዓት ገድቡለት።

ቦዬ ጉማሬ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቦዬ ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ያለ ረግረግና ኩሬ ነው። ጉማሬው በቀጠሮ አይመጣም እንጂ ወደ ማታ ሲሆን የመታየት ዕድሉ ይጨምራል። ወፎቹ ግን አይጠፉም።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ ልጅ ወደ ውኃው ዳር አይጠጋ። ጉማሬ ወፍራምና ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሲሮጥ ሰው አያመልጠውም። በእሱና በውኃው መካከል መቆም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአካባቢው ሰው «እዚህ ጋ ቁሙ» ያላችሁ ቦታ ላይ ቁሙ።

ሴካ ፏፏቴ ከአያት ጋር ይኬዳል?

አይኬድም። ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ ምንም አይደለም፣ ከመኪና ወርዶ ያለው ቁልቁለት ነው እንጂ። ወጣቶቹ ይሂዱ። አያቶች በዚያ ሰዓት ቡና ይጠጡ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ካላየ ጉዞው ጉዞ አይደለም የሚል ሰው ሁሌ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ያዋጣው እሱ ነው። በትሕትና አስረዱት።

ምግቡስ? የሚጾምም፣ ሙስሊምም፣ ስኳር ያለበትም አለ።

ጅማ ለዚህ የተመቸች ናት፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ምግብ ቤት ስትገቡ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ አስተናጋጁ ጥያቄውን ለምዶታል። የተደባለቀ ቤተሰብ ከሆናችሁ አንድ ትልቅ የጾም በያይነቱ ሁሉንም ያስታርቃል። በረመዳን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ሊዘጋ ስለሚችል ለልጆች ምሳ አስቀድማችሁ አስቡ። በዚያ ወር ማታ ግን ከተማዋ ታምራለች፤ ሳምቡሳው ከድስት ሲወጣ ሰልፍ አለ።

ስኳር ላለባቸው የምፈራው ምግቡን አይደለም፤ ግብዣውን ነው። በየቤቱ ሻይ በስኳር፣ ማር፣ ቡና በስኳር ይቀርባል። «ትንሽ ብቻ» እያሉ አምስት ቤት ከዞሩ ትንሽ አልሆነም።

ቡና የት እንይ? መገኛውስ ጅማ ነው ወይስ ካፋ?

የቡና ተክል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከከተማዋ ሲወጡ በየጓሮው አለ። ትንሽ በዕውቀት ማየት ለሚፈልግ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የቡና ምርምር ዋና ቦታ ነው፤ ግን የምርምር ግቢ ስለሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ካላችሁ በአጋሮ በኩል ወደ ጮጬ ሂዱ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጮጬዎች በተረቱ ቡና በልተው የጨፈሩት ፍየሎች እኛ ጋ ነው የነበሩት ይላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ወዳጅ ያጣላል። ቦንጋ ብትሄዱ፣ ከዚህ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያ ነው የተሠራው፤ «ካፋ» የሚለው ስም ራሱ ይመሰክራል ይሏችኋል። የጅማ ሰው ደግሞ ጮጬን ይጠራል። እኔ ጅማ ሆኜ ጮጬ፣ ቦንጋ ስሄድ ካፋ እላለሁ። ሳይንሱ የሚለው የአረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በዱር የሚበቅል መሆኑን ነው፤ ደኑ የወረዳ ድንበር አያውቅም። በሰው ቤት ቡና እየጠጣችሁ ይህን ክርክር አትክፈቱ፤ በረካው ሳይደርስ አትነሱም።

ጅማ ዘመድ አለን። ሆቴል ብንይዝ ይቀየማሉ፤ ምን ይሻላል?

ከሁሉ ጥያቄ ከባዱ ይህ ነው። አሥር ሰው አንድ ቤት ውስጥ ማደር ለእንግዳውም ለባለቤቱም ጭንቅ ነው፤ ባለቤቷ ፍራሽ ስታነጥፍ ታድራለች፣ እንግዳው መጸዳጃ ቤት ሲጠብቅ ያነጋል። ሆኖም «ሆቴል ይዘናል» ብሎ በስልክ መናገር የሰው ፊት ያስጠቁራል። ዘዴው ሆቴሉን ከመንገራችሁ በፊት ምሳውን መጠየቅ ነው። «ቅዳሜ ምሳ እናንተ ጋ ነን፣ ቡናም እዚያው ነው የምንጠጣው» በሉ መጀመሪያ። ቀኑ ከተያዘ በኋላ ማደሪያው ቀላል ይሆናል። ከትልልቆቹ አንዷ፣ ለምሳሌ አክስት፣ አንድ ሌሊት እዚያ ብታድር ደግሞ ሁሉም ይታረቃል።

አንድ ቤት ማለት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። ቁርሱ፣ ምሳው፣ የቤተሰብ ፎቶው፣ የሞተው ሰው ታሪክ፣ ለቅሶው፣ ከለቅሶ በኋላ ሳቁ። ሦስት ሰዓት አይበዛበትም። ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ ከሁለት ቤት በላይ አትቁጠሩ። የቀሩትን ዘመዶች አንዱ ቤት ሰብስቧቸው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳርና ሳሙና ያረጀ ስጦታ ነው የምትሉ ከሆነ እናቶችን ጠይቁ።

አያታችን «ምንም ማየት አልፈልግም፣ እዚሁ እቀመጣለሁ» ቢሉስ?

ብዙ ጊዜ ደክሟቸው ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሸክም እንዳይሆኑ ፈርተው ነው። ልዩነቱን ለማወቅ «እንሂድ» አትበሏቸው። «ይህን ቦታ ለልጆቹ የሚያስረዳ ሰው አጣን» በሏቸው። ነጠላቸውን ካነሱ ፍርሃት ነበር። ካላነሱ ደክሟቸዋል፤ ይረፉ። አንድ ሰው አብሯቸው ይቅር፣ ሁሌ ያው ሰው ግን አይሁን። በየቤተሰቡ ለመቅረት የተመደበች አንዲት ልጅ አለች፤ ጅማን ሳታይ ትመለሳለች።

ልጆቹን ሁለት የኦሮምኛ ቃል አስተምሯቸው፦ «አከም ጅርቱ» ሰላምታ ነው፣ «ገለቶማ» ምስጋና። ገበያ ውስጥ አንድ ሕፃን «ገለቶማ» ሲል ባለሱቋ ሙዝ ትጨምራለች። አያቶች ይህን ሲያዩ ከሆቴል ይወጣሉ።

ወጪውን ማን ይያዝ?

አንድ ሰው። ሁሉም ከመነሳቱ በፊት እኩል ወይም እንደ አቅሙ ያዋጣ፣ ገንዘቡ አንዲት ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳው ለማይጨቃጨቅ ሰው ይሰጥ። በየምግቡ «እኔ ነኝ የምከፍለው» እያሉ መታገል አስተናጋጁንም ያደክማል። አረጋውያን አያዋጡ። እንዳይከፋቸው ግን የአንድ ቀን ቡና እሳቸው ይጋብዙ።

ሰው ቢታመምስ? ወባስ አለ?

የየቀኑ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በሌላው መኪና በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። ከሚያስፈልገው በላይ የሦስት ቀን ትርፍ ያዙ። ጅማ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ መድኃኒቶችን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። «ነጯ ትንሿ ኪኒን» ለሐኪም አይረዳም።

ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለአዲስ አበባ ሰው ትንፋሽ ይቀላል። ወባ ግን አለ፤ በተለይ ዝናቡ ሲወጣ። አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ፣ ማታ ክንድ ይሸፈን። ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ቢመጣ ጅማ ሄጄ ነበር ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

በስንት ሰዎች አፍ የምሰማው ጥያቄ ነው። መልሱ የሳምንቱ እንጂ የዓመቱ አይደለም። ከመነሳታችሁ በዋዜማው በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌርና ጅማ ያለ ዘመድ ጠይቁ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ካሉ ይበቃል። ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ሳይመሽ ግቡ። መታወቂያ ሁሉም ሰው ይያዝ፤ አያቶች ቤት ትተውት ነው የሚወጡት፣ ስለዚህ በር ላይ ቁሙና አሳዩኝ በሏቸው።

ምን ይዘን እንመለስ?

ቡና፣ ማርና በርጩማ። ሐሙስ የጥንቱ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ከቻላችሁ ጉዞውን ሐሙስን አስነክታችሁ ያዙት። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የምትፈለፈለው። ገልብጣችሁ ከታች እዩት፤ እግሩና መቀመጫው መካከል ሙጫ ወይም ምስማር ካለ የተገጣጠመ ነው። ቀለም የበዛበትን ተጠራጠሩ፤ ስንጥቅ የሚሸፈነው በቀለም ነው። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሳሎን ውስጥ ሌሊት «ጧ» ብሎ ይሰነጠቃል። ዋጋውን አያት ይከራከሩ፤ እናንተ ዞር በሉ።

ቡናውን ጥሬውን ግዙ፤ ተቆልቶ ከተፈጨው ይልቅ ይቆያል። ማሩን የሚያውቅ ዘመድ ይግዛላችሁ፣ ክዳኑን በፌስታል ደርባችሁ እሰሩ፣ ከልብስ ጋር በአንድ ሻንጣ አታድርጉ። ባለፈው ጥር እህቴ አልሰማችኝም። ቤቷ ደርሳ ሻንጣውን ስትከፍት ማሩ የጥምቀት ቀሚሷን እስከ ጥለቱ አጥግቦት ነበር። ቀሚሱ ታጠበ። ሻንጣው ግን እስካሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ጉንዳኖቹ አላስጠጋ ብለዋት።